እርጥበቱ ሳያልፍ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለኝ አለቃዬ። አዲስ አበባ፣ አንድ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በመስታወት የተከፈለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠን ነበር። ሦስት ጉዳይ ይዤ ነው የገባሁት። አንደኛው፣ ከእኔ በኋላ ተቀጥሮ እኔው ሥራ ያስለመድኩት ልጅ ከእኔ የበለጠ ደመወዝ እንደሚከፈለው ማወቄ ነው። ሁለተኛው፣ የሌላ ክፍል ኃላፊ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በቴሌግራም የሚልክልኝ መልእክት። ሦስተኛው፣ ማታ እኔ በሌለሁበት እየተወሰነ ጠዋት የሚነገረኝ ነገር። አለቃዬ ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። «ድርጅቱ ገና ልጅ ነው» አለኝ። «አሁን የምናስበው ውለን ስለማደር ነው። መጀመሪያ ይደግ። ሲያድግ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህችን ንግግር ያልሰማሁበት ቦታ የለም። ከድርጅት ባለቤቶች ሰምቻታለሁ፤ ገንዘባቸውን ካፈሰሱ ሰዎች ሰምቻታለሁ፤ ስለ ሴቶች ተሳትፎ እንዲናገሩ መድረክ ላይ ከወጡ ባለሥልጣናት ሰምቻታለሁ። አንጀቴን ያቃጠለኝ ግን ከእኩዮቼ ከሴቶቹ አፍ ስትወጣ ነው። አባባሉ ይለያያል እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፦ በፍጥነት እያደገ ባለ፣ ወንድ በበዛበት የቴክኖሎጂ ድርጅት ውስጥ ሴት ላይ የሚደርሰው ነገር የልጅነት በሽታ ነው፤ ልጅ ጥርስ ሲያበቅል እንደሚያተኩሰው ነው፤ ድርጅቱ ሲጠነክር፣ ኮምፒውተር የሚማሩ ሴቶች ሲበዙ በራሱ ጊዜ ይለቃል።

አይለቅም። እድገት ያገኘውን ነው የሚያሳድገው፤ ደጉንም ክፉውንም። ስለ እንቁላሉም ቢሆን ተረቱን የሚጠቅሱልን ሰዎች አንድ ነገር ይዘሉታል። እንቁላል በእግሩ የሚሄደው ዶሮዋ ሃያ አንድ ቀን ታቅፋው፣ እየገለበጠች፣ ከጎጆዋ ለጥሬ እንኳ ሳትርቅ ስለከረመች ነው። ያልታቀፉት እንቁላል ቀስ በቀስ የሚሄደው ወደ መግማት ነው።

እኔ የማክሰኝት ልጅ ነኝ። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት አርባ ምናምን ኪሎ ሜትር እንደተጓዙ የምትገኝ፣ ስሟን ከማክሰኞ የወሰደች ከተማ ናት። ዙሪያዋ ዋልካ መሬት ነው። ዋልካ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ እግር ይውጣል፤ በሬ አያስገባም። ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ መስከረም አካባቢ ጭቃው ሲጠና ገበሬው ይነሳና ሽንብራውን ይዘራል። ከዚያ በኋላ እንደ ክረምቱ የሚዘንብ ዝናብ የለም፤ ሽንብራው የሚያድገው መሬቱ በሆዱ በያዘው እርጥበት ነው። ጊዜው አጭር ነው። ካለፈ ዋልካው ይደርቃል፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ወዲያ የተዘራ ዘር ለወፍ ነው። የአገሬ ገበሬ «መጀመሪያ መሬቱ ይደላደል፣ ከዚያ እዘራለሁ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። እርጥበቱ ሳያልፍ መዝራት እንዳለበት ከአባቱ ተምሯል። የአንድ ድርጅት የእድገት ጊዜም ያ እርጥበት ነው። ልማድ የሚበቅለው፣ ደመወዝ የሚተመነው፣ ማን ከማን ጋር እንደሚበላ የሚለየው ያኔ ነው። ድርጅቱ ካደገ በኋላ የምታገኙት የደረቀውን ዋልካ ነው።

ነገሩን በቁጥር ላሳይ። ሁለት ሰው በአንድ ዓመት፣ ለአንድ ዓይነት ሥራ ተቀጠሩ እንበል። እሱ መደራደር ልማዱ ስለሆነ፣ ቀጣሪውም የካምፓስ ጓደኛው ስለሆነ 18,000 ብር ተዋዋለ። እሷ የተባለችውን ተቀብላ በ12,000 ገባች። ልዩነቱ 6,000 ነው። ድርጅቱ አደገና ለሁሉም እኩል 20 በመቶ ጨመረ። ፍትሐዊ ይመስላል። እሱ 21,600 ደረሰ፤ እሷ 14,400፤ ልዩነቱ 7,200 ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና 20 በመቶ ተጨመረ፤ ልዩነቱ 8,640 ብር ገባ። በመካከል ማንም አልበደላትም፤ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። እድገቱ ራሱ ነው ክፍተቱን ያሰፋው። «ሲያድግ ይስተካከላል» የሚለኝ ሰው ይህችን ስሌት ወረቀት ላይ ጽፎ ያስተካክልልኝ።

ከደመወዙ የባሰው ደግሞ የሰው አመራረጡ ነው። በአገራችን ብዙ የቴክኖሎጂ ድርጅት የሚጸነሰው ዶርም ውስጥ ነው። አራትና ስድስት ልጆች በአንድ ክፍል፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ፣ በአንድ ላፕቶፕ ሌሊቱን ሲያነጉ ሐሳቡ ይወለዳል። ያ ዶርም የወንዶች ዶርም ነው፤ ሴት ልጅ የዚያ ክፍል ልጅ ልትሆን አትችልም። ሲመረቁ ድርጅቱን ያቋቁማሉ፤ የመጀመሪያ ተቀጣሪዎቻቸው የጎን ዶርም ልጆች ናቸው፤ ስለሚተማመኑ። እስከዚህ ማንንም አልወቅስም፤ ገንዘብ ሳይኖር አብሮ የሚራብ ሰው የሚገኘው ከጓደኛ ነው። ድርጅቱ 60 ሰው ሲደርስ ግን እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ቲም ሊደር ይሆናሉ፤ 200 ሲደርስ ዳይሬክተር ይባላሉ። ዶርሙ ሳይፈርስ ሕንጻ ተከራየ ማለት ነው። ማታ ከሥራ በኋላ ቢራ የሚጠጣበት ቤት አለ፤ ቅዳሜ ከሰዓት የሚቃምበት ቤት አለ፤ ሰኞ ጠዋት በስብሰባ የሚጸድቀው እዚያ ያለቀው ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ክፉ ተረት በቃል ሳይነሳ በተግባር የሚፈጸመው እንዲህ ነው። እኔ ስብሰባው ላይ አለሁ፤ ቃለ ጉባኤ ያዢ የምባለውም እኔ ነኝ።

የእኛ ድርጅት ገንዘብ በሞባይል የሚያስተላልፍ መተግበሪያ ይሠራ ነበር። ስለ ሴቶች ቁጥር ሲጠየቅ ጥሩ መልስ ነበረው፤ ሴት ሠራተኛ ሞልቶታልና። ግን የትኛው ፎቅ ላይ? ምድር ቤት እንግዳ መቀበያው፣ አንደኛ ፎቅ የደንበኞች ጥሪ ማዕከሉ፣ ሁለተኛ ፎቅ ሒሳብና የሰው ኃይል። ኮድ የሚጻፍበት አራተኛው ፎቅ ላይ ሁለት ሴቶች ነበርን፤ በኋላ አንድ ቀረሁ።

እናቴ ማክሰኝት ገበያ ነጭ ሽንኩርትና አብሽ ትሸጣለች። ቁጥር ታውቃለች፤ ሒሳብ ሠሪ አትፈልግም፤ ፊደል ግን አልቆጠረችም። በስልክ ገንዘብ መቀበል ከጀመረች ወዲህ ገዢው «ልኬያለሁ» ሲላት የገባውን መልእክት የምታስነብበው አጠገቧ ሸቀጥ ለሚቸረችር ልጅ ነው። አንድ ማክሰኞ እረፍት ወጥቼ አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ። ልጁ ስልኩን ተቀብሎ አነበበና «ገብቷል እትዬ» አላት። ቀጥሎ ሌላ ቦታ ለመክፈል ፈልጋ የሚስጥር ቁጥሯን በጆሮው ነገረችውና እሱ ነካካላት። ልጁ ጨዋ ነው፤ አንድ ብር አልነካባትም። ግን ሥርዓቱ እናቴን በአንድ ልጅ ጨዋነት ላይ ጥሏታል። አዲስ አበባ ተመልሼ በስብሰባ አነሳሁት፦ የገባው የብር መጠን በትልልቅ አሃዝ ለብቻው ይታይ፤ ከተቻለ በድምፅ ይነገር፤ ስልክ ለሁለት ለሦስት የሚጋሩ ቤተሰቦችንም እናስብ። «እነሱ ስንት ሰው ናቸው? አታካብጂ፤ አሁን ፍጥነት ላይ ነን» ተባለና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ታለፈ።

በኋላ ሥራ ስለቀነሰልኝ ምሳዬን አንደኛ ፎቅ ከጥሪ ማዕከሉ ልጆች ጋር መብላት ጀመርኩ። ያኔ ነው ያወቅኩት። የእናቴን ዓይነት አቤቱታ በየቀኑ ይሰሙ ነበር። «ልጄ ነው ያነበበልኝ»፣ «ጎረቤቴ ቁጥሬን ያውቀዋል»፣ «ገባ ተብዬ እቃዬን ሰጠሁ፣ አልገባም» የሚሉ ሴቶች ከየገጠሩ ይደውሉላቸዋል። መዝግበው ለአለቃቸው ይሰጣሉ፤ ወረቀቱ አራተኛ ፎቅ አይወጣም። በአንድ ሕንጻ ውስጥ ችግሩን የሚያውቁት ሴቶች መሰላሉ ታች ናቸው፤ ማስተካከል የሚችሉት ወንዶች መሰላሉ ላይ ናቸው፤ በመካከል ያለው ደረጃ ለቡና ማምጫ ብቻ ያገለግላል። ይህን የፍትሕ ጉዳይ ብቻ አድርጎ የሚያየው ሰው ተሳስቷል። ድርጅቱ የሚሸጠው ዕቃ ራሱ ነው የተበላሸው።

ሰው ሳምራዊት ፍቅሩን ሲጠቅስልኝ ደስ ይለኛል፤ የምለውን ስለሚያጠናክር። ሃይብሪድ ዲዛይንስን የመሠረተችው፣ ራይድ የተባለውን የታክሲ መጥሪያ ለአዲስ አበባ ያመጣችው ሳምራዊት ሐሳቡ ከየት እንደመጣላት በአደባባይ ተናግራለች፦ ፕሮግራመር ሆና አምሽታ ስትወጣ ታክሲ ማግኘት፣ ዋጋ መከራከር፣ በሰላም ቤት መድረስ ፈተና ስለሆነባት። እዚያው ከተማ፣ በዚያው ሙያ ስንት ወንድ አምሽቶ ሲወጣ ኖሯል! ያ መንገድ ለእሱ መንገድ ብቻ ነበር። ለእሷ ግን መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነበር፤ ከመልሱ ብዙ ሺህ ሹፌር እንጀራ በላበት። ሴት መሐንዲሶቻቸው ጥለዋቸው የሄዱ ድርጅቶች እንዲህ ያለ ዓይን ነው ያጡት። የጠፋውን ስለማያዩት አይቆጥሩትም።

«ታዲያ ሴት መሪዎች አሉ አይደል?» የሚለው ክርክር ግን አያሳምነኝም። ኢትዮ ቴሌኮምን ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የሚመሩት ፍሬሕይወት ታምሩ ናቸው፤ ድርጅቱ በእሳቸው ጊዜ ቴሌብርን ጀምሯል፤ ደንበኛውም ከ80 ሚሊዮን አልፏል። ሴት ትችላለች ወይስ አትችልም የሚል ሙግት ላለበት ሰው ይህ በቂ መልስ ነው። የእኔ ሙግት ግን ከዚያ ሌላ ነው። ጎንደሬ ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን አገር አስተዳድረዋል፤ ቁስቋም ላይ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠርተዋል። ከቀሃ ወንዝ እንስራ ተሸክማ አቀበቱን የምትወጣው ሴት ግን በእቴጌዋ ዘመንም እንስራው ያው ነበር። ከላይ አንዲት ሴት መቀመጧ ታች ያለው ሸክም እንዴት እንደተደለደለ አይነግረንም።

አሁን ከሁሉ የከበደኝን ልናገር።

ያ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መልእክት የሚልከው ኃላፊ አልተወም። ለአለቃዬ ደግሜ ነገርኩ። አንድ ቀን አንድ አንጋፋ ባልደረባችን ሁለታችንንም ካፌ ጠራን። «እኛ እዚህ ቤተሰብ ነን» አለ። «ገመናችንን በውጭ ሰው ፊት አንዘርጋ። እሱ ወንድምሽ ነው፤ ቀልድ ነው የመሰለው። አንተም ይቅርታ በላት።» ስልኩን በእጁ እንደያዘ «ይቅርታ» አለኝ። «ይቅር» አልኩ። ሌላ ምን ልበል? አንድ ማኪያቶ ተጠጥቶ ሳያልቅ ነገሩ አለቀ። ከዚያ በኋላ ስልኬ ሌሊት ሲያበራ ለማን ልናገር? «ታርቃችሁ የለም እንዴ?» ይሉኛል። በዳዩ እሱ ሆኖ እርቅ አፍራሿ እኔ ልሆን ነው።

ሽምግልናን አልጠላም። አያቴ ሽማግሌ ነበር፤ ደም ሳይቀር ሲያደርቅ እያየሁ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ሽምግልና ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሽማግሌ ሲቀመጥ ሁለቱም ወገን ዋስ ይጠራል። በዳይ ጥፋቱን በአንደበቱ ያምናል፤ በሰው ፊት። ካሣ ይቆረጣል። እርቁን ያፈረሰ እንደሆነ ዋሱ ይጠየቃል፤ አገር ያውቃል፤ ልጁን የሚድርለት አያገኝም። ካፌው ውስጥ ከዚህ ሁሉ የቱ ነበር? ዋስ የለ፣ ካሣ የለ፣ ምስክር የለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ ሰው በዓመቱ መጨረሻ የሥራ አፈጻጸሜን ከሚሞሉት ሦስት ሰዎች አንዱ ነበር። የሽማግሌ ወንበር እኩል በተቀመጡ ሰዎች መካከል ነው የሚዘረጋው። ከሽምግልናችን «ይቅር በይ» የምትለዋን ቃል ብቻ ቆንጥሮ ወስዶ ዋሱንና ካሣውን መጣል አባቶቻችንን መስደብ ነው፤ ለዚህ ነው ባህል እየተባለ ሲቀርብልኝ የምቆጣው።

«ቤተሰብ ነን» የምትለዋም ቃል ልትመረመር ይገባታል። ቤተሰብ ማለት እኮ እህት ስትወልድ የሚያርሳት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ 120 ቀን ይሰጣል፤ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90። ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ነው። ቀጣሪው ይህን ያውቃል፤ በልቡ ያሰላዋል፤ ቃለ መጠይቅ ላይ «ትዳር መያዝ አስበሻል?» ተብዬ የተጠየቅኩት ለዚህ ነው። ያው አዋጅ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራ ይከለክላል። እኛ ግን ሲስተም የምናድሰው ደንበኛ በሚተኛበት ሰዓት፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፤ እድገት የሚያገኘውም ሌሊት የተገኘ ሰው ነው። ሕጉ ሌሊት አትሥሪ ይላታል፤ ድርጅቱ ሌሊት ያልሠራውን አይሾምም፤ እሷ በሁለቱ መካከል ትጨፈለቃለች። መፍትሔው ሕጉን መንቀፍ አይደለም። ሹመቱን ከሌሊቱ መለየት ነው።

ወሲባዊ ትንኮሳንም አዋጁ ይከለክላል፤ የደረሰባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን መልቀቅ እንደምትችል ይደነግጋል። ጥሩ ነው፤ አስፈላጊም ነው። ነገር ግን አስተውሉት፦ ሕጉ ለእሷ የከፈተላት በር መውጫ በር ነው። የምትወጣው እሷ ናት። እንድትቆይ የሚያደርጋትን ነገር መሥራት ያለበት ድርጅቱ ነው፤ እሱም «መጀመሪያ ልደግ» ይላል።

እሺ፣ ስንት ሲሆን ነው ያደገ የሚባለው? 2 መቶ ሰው? 2 ሺህ? እስቲ ከዓለም ትልልቆቹ አንዱን እንውሰድ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ1998 ተመሠረተ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2018፣ በየአገሩ ያሉ 20,000 ያህል ሠራተኞቹ ድርጅቱ የወሲብ ትንኮሳ አቤቱታን የያዘበትን መንገድ ተቃውመው ቢሮ ጥለው ወጥተዋል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 2020፣ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ከዚያው ድርጅት ወጣች። እሷ ተባረርኩ ትላለች፤ ድርጅቱ ራሷ ለቀቀች ይላል። ትምኒት ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 ባወጣችው ጥናት፣ ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ የንግድ ሶፍትዌሮች ነጭ ወንዶች ላይ ከመቶ አንድ እንኳ የማይሳሳቱ ሆነው ጥቁር ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ እንደሚሳሳቱ ያሳየች ሴት ናት። ሥልጠና አልጎደላትም። ድርጅቱም ያኔ ከመቶ ሺህ በላይ ሠራተኛ ነበረው፤ ልጅነቱን ጨርሷል።

ኡበርንም እንይ። ሱዛን ፋውለር የተባለችው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ስትገባ በክፍሏ ከመቶ ከ25 በላይ ሴቶች ነበሩ። በኋላ ወደ ሌላ ክፍል ልዛወር ስትል ቁጥሩ ከ6 በታች ወርዶ ነበር፤ ይህን በየካቲት 2017 ራሷ ጽፋ ይፋ አድርጋዋለች። በዚያ ጊዜ ድርጅቱ በዓለም ላይ እንደ እሳት እየተቀጣጠለ ነበር። የትንኮሳ አቤቱታዋን ይዛ ስትሄድ የተነገራት ሰውዬው ጎበዝ ሠራተኛ እንደሆነና የመጀመሪያ ጥፋቱ እንደሆነ ነው። ሌሎች ሴቶችን ስታነጋግር ለእነሱም ስለዚያው ሰው ያንኑ እንደተነገራቸው አወቀች። በዚያው ዓመት ሰኔ ከ20 በላይ ሠራተኞች ተባረሩ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ትራቪስ ካላኒክም ከሥራ አስፈጻሚነቱ ለቀቀ። ድርጅቱ በልጅነቱ ያልዘራውን በጉልምስናው በዚህ ዋጋ ለመግዛት ተገደደ።

«ሴቶች ሙያው ውስጥ የሉም፣ እናሠልጥን» ለሚሉት ደግሞ እንዲህ እላለሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና አልቃወምም። ሴት ልጆችን ኮድ የሚያስተምሩ ወጣቶችን እጃቸውን ብስም አይቆጨኝም። ግን ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ ሸክላ ሲሠሩ የኖሩትን ሴቶች ጠይቁ፤ የተሰነጠቀ እንስራ ወንዝ በመመላለስ አይሞላም። ከእኔ ጋር ከተመረቁት ሴቶች መካከል ጎበዝ ጎበዞቹ ዛሬ የት እንዳሉ አውቃለሁ። አንዷ ባንክ ገንዘብ ትቆጥራለች። አንዷ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ጥገና ላይ ናት፤ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ግን 11 ሰዓት ተኩል ስትወጣ ማንም አይገላምጣትም። አንዷ ውጭ አገር ሄዳ አዛውንት ትንከባከባለች። ሠልጥነዋል። ገብተውም ነበር። የወጡበት በር ላይ ሆነን ገና ያልገቡትን እየቆጠርን ነው።

ከባዱን ተቃውሞ አልሸሽም። «የእኛ ድርጅቶች እኮ በሲሊከን ቫሊ አይመዘኑም፤ ዶላር የለ፣ መብራት ይጠፋል፣ ኢንተርኔት ይቋረጣል፤ የሚሰጥምን ሰው መመሪያ ጻፍ ትይዋለሽ?» ይሉኛል። እኔም የዚሁ አገር ሰው ነኝ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ጎንደር ቁጭ ብለው በርቀት ይሠሩ የነበሩ ልጆች እንጀራቸው ሲዘጋ አይቻለሁ። ችግሩ እውነት ነው። ግን የምጠይቀው ነገር ዶላር አይፈልግም። የደመወዝ እርከን በወረቀት መጻፍና መለጠፍ የአንድ ቀን ሥራ ነው። አቤቱታ የሚቀበል፣ ከአለቃው ጋር ቢራ የማይጠጣ፣ ከድርጅቱ ውጭ ያለ አንድ ሰው መሰየም ይቻላል፤ እናውቅበታለን፣ ዋስ እየጠራን የኖርን ሕዝብ ነን። ማታ የታሰበው ሁሉ በቀን ስብሰባ ሳይመከርበት እንዳይጸድቅ መወሰን ምን ያስወጣል? ይህ የማይደረገው ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የምትሠዋው ሴቷ ስለሆነች ነው እንጂ ሌላ የሚሠዋ ነገር ስለጠፋ አይደለም።

ደሃ ሆኖ፣ ልጅ ሆኖ፣ ፈጥኖም እያደገ ቀና መሆን እንደሚቻል ያሳየች ሴት ነበረች። ስቴፋኒ ሸርሊ እ.ኤ.አ. በ1962 እንግሊዝ ውስጥ በ6 ፓውንድ፣ በቤቷ ሆና የሶፍትዌር ድርጅት ጀመረች። በሴት ስም የጻፈችው ደብዳቤ መልስ ሲያጣ «ስቲቭ» እያለች መፈረም ጀመረች። የቀጠረቻቸው ሙያ እያላቸው በትዳርና በልጅ ምክንያት ቤት የቀሩ ሴቶችን ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞቿ 297ቱ ሴቶች ናቸው። ቤታቸው ሆነው፣ በሚመቻቸው ሰዓት ይሠሩ ነበር። የኮንኮርድ አውሮፕላን የበረራ መቅረጫ ፕሮግራም ከእነዚህ ሴቶች እጅ የወጣ ነው። ሸርሊ ሥርዓቱን የሠራችው ድርጅቷ ካደገ በኋላ ቢሆን ኖሮ የሚያድግ ድርጅት አይኖራትም ነበር፤ ሠራተኞቿን ያገኘቻቸው በሥርዓቱ ምክንያት ነውና።

እኔ ከአራተኛው ፎቅ የወጣሁት በአንድ ተራ ሐሙስ ነው። የስንብት ኬክ ተቆረጠልኝ። አለቃዬ ባደረገው ንግግር «እህታችን» አለኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ድርጅቱ ትልቅ የገንዘብ ድጋፍ አግኝቶ ነበር፤ ሌላ ፎቅ ሊከራዩ ነው። አዲሱን ፎቅ የሚመራው ያ ሌሊት መልእክት የሚልክልኝ ሰው እንደሆነ የሰማሁት ኬኩን እየበላሁ ነው።

ዘንድሮ ለበዓል ማክሰኝት ስመጣ የጎረቤታችን ልጅ ቤት ድረስ መጣች። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ጨርሳለች፤ ከአዲስ አበባ ሁለት ድርጅቶች ለቃለ መጠይቅ ጠርተዋታል። «እትዬ፣ ምን ይጠይቁኛል?» አለችኝ። ቡናው እስኪፈላ የሚጠይቋትን ነገርኳት። ከዚያ ደብተር አምጪ አልኳትና እሷ የምትጠይቃቸውን አጻፍኳት። የደመወዝ እርከናችሁ በጽሑፍ አለ ወይ? ላየው እችላለሁ? ሥራችሁን የምትወስኑት በስንት ሰዓትና የት ሆናችሁ ነው? አንድ ኃላፊ ቢበድለኝ የምሄደው ወደ ማን ነው፣ ያ ሰውስ ደመወዙን የሚከፍለው ማን ነው? ኮድ ከሚጽፉት ሴቶች ወልዳ የተመለሰች አለች? ከአንዷ ጋር ለብቻችን አስር ደቂቃ ልታገናኙኝ ትችላላችሁ?

የመጨረሻውን ስነግራት እስክሪብቶዋን አቆመች። «ይሄን ብጠይቅ አይቀጥሩኝም» አለች።

«ጻፊው» አልኳት። «ከእኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የነበረችው ማን ናት? ለምን ሄደች?»

ጻፈችው። እናቴ ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች «አድራሻዋንም ተቀበያቸው» አለቻት።